ያልዘመተ ሰው ዘመትኩ ቢል ወንጀል ይሁን?

ጥያቄው የመጣው ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ጠያቂው መምህር ናቸው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦

«በከተማችን ‘ሻምበል’ እየተባሉ የሚጠሩ አንድ አዛውንት አሉ። በየዓመቱ የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲታሰብ ደረታቸው ላይ አራት ሜዳይ ደርድረው ትምህርት ቤታችን ይጋበዛሉ፤ ለተማሪው ንግግር ያደርጋሉ፤ ጋቢ ይሸለማሉ። አባቴ በ1969 ከታጠቅ የጦር ማሠልጠኛ ተነሥቶ ኦጋዴን የዘመተ ሰው ነው፤ እግሩ ውስጥ ዛሬም ፍንጣሪ አለ። ‘ይህ ሰው ያኔ እዚሁ እህል ይነግድ ነበር’ ይላል። በበዓሉ ላይ አንድም ቀን ተገኝቶ አያውቅም። የሌላውን ጀብዱ የራስ አድርጎ ማውራት በሕግ አያስቀጣም? ካላስቀጣስ ሊያስቀጣ አይገባም? አሜሪካ እንኳ ሕግ አላት ሲባል ሰምቻለሁ።»

በወንጀል ጉዳዮች ላይ የምሠራ ጠበቃ ነኝ፤ መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ውሸቱ ብቻውን ወንጀል መሆን የለበትም። በውሸቱ የተገኘው ገንዘብ፣ የተያዘው የሥራ ቦታ፣ የተጭበረበረው ወረቀት ግን ዛሬም ያስጠይቃል፤ ሊያስጠይቅም ይገባል። ይህን የምለው ለዋሾ አዝኜ አይደለም። አፍን የሚቀጣ ሕግ በእኛ አገር፣ ይልቁንም በጎጃም፣ ቢወጣ አስቀድሞ የሚይዘው ሐሰተኛውን ሳይሆን ወረቀት የሌለውን እውነተኛ ዘማች ነው። ምናልባትም አባትዎን።

የአሜሪካውን ጉዳይ ሰው ግማሹን ብቻ ሰምቶ ስለሚያወራው ከእሱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ሕግ በእርግጥም እርስዎ የሚመኙት ዓይነት ነበር። ያልተሸለመውን የጦር ሜዳይ ተሸልሜያለሁ ብሎ በቃልም ሆነ በጽሑፍ የተናገረ ሁሉ እስከ ስድስት ወር፣ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ከሆነ ደግሞ እስከ አንድ ዓመት እንዲታሰር ይፈቅዳል። ማንን ጎዳ፣ ምን አተረፈ ብሎ አይጠይቅም። ሕጉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2007፣ ዣቪየር አልቫሬዝ የተባለ በካሊፎርኒያ የአንድ አካባቢ የውኃ ቦርድ አባል ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ራሱን አስተዋወቀ። ለ25 ዓመት በማሪን ጦር ማገልገሉን፣ ደጋግሞ መቁሰሉን፣ በ1987 ያንኑ ከፍተኛ ሜዳይ መቀበሉን ተናገረ። አንዱም እውነት አልነበረም። ሰውየው ከዚያ በፊትም በዲትሮይት የሆኪ ቡድን ተጫውቻለሁ፣ የሜክሲኮ ተዋናይት አግብቼ ነበር እያለ ያወራ እንደነበር በፍርዱ ሐተታ ላይ ሰፍሯል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ወረዳ የለም፤ በእኛም ዘንድ ስም ወጥቶለት፣ ተስቆበት ይኖራል።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 ስድስት ዳኞች ለሦስት ሆነው ሕጉን ሻሩት። ዋናውን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ኬኔዲ መንግሥት እውነትና ውሸት እየለየ ንግግርን የሚቀጣበት ሥልጣን እንዲሁ በደፈናው ከተሰጠው ማቆሚያ የለውም አሉ፤ የተሸላሚዎችን ዝርዝር ለሕዝብ መክፈት እንዲህ ያለውን ውሸት በቀላሉ እንደሚያጋልጥም ጠቆሙ። ዳኛ ብሬየር ሕጉ በዘመድ መካከል በጨዋታ የተነገረውንም ሳይቀር ይይዛል ብለው ተቹት። የተቃወሙትን ሦስቱን ወክለው የጻፉት ዳኛ አሊቶ በበኩላቸው ውድ ሰዓት በርካሽ ቅጂው ብዛት ዋጋው እንደሚወርድ ሁሉ የሐሰት ባለ ሜዳይ ሲበዛም የእውነተኛው ክብር ይወርዳል ብለዋል። የአባትዎ ቁጭት በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል። ቀላል ክርክርም አይደለም።

ሆኖም ታሪኩ በመሻሩ አላበቃም፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ምክር ቤቱ በ2013 አዲስ ሕግ አወጣ፤ ኦባማ ፈረሙት። አዲሱ ሕግ የሚቀጣው በሐሰት ሜዳይ ገንዘብ፣ ንብረት ወይም ሌላ ተጨባጭ ጥቅም ለማግኘት ያሰበውን ነው። የሚመለከተውም በስም የተዘረዘሩ ሜዳዮችንና ምልክቶችን ስለሆነ፣ «ወታደር ነበርኩ» ብሎ መዋሸት ብቻውን ዛሬም በዚያ አገር በዚህ ሕግ አያሳስርም። መከላከያቸውም የከፍተኛ ሜዳዮችን ተሸላሚዎች ዝርዝር በድረ ገጽ ከፍቷል። እንግሊዞች ደግሞ የተገላቢጦሽ ሄደዋል። በ1955 የሠራዊት ሕጋቸው ያልተሸለሙትን ሜዳይ ማጥለቅን ይቀጡ ነበር፤ በ2006 አዲስ ሕግ ሲያወጡ ያንን ድንጋጌ ተዉት። በኋላ አንድ የምክር ቤት አባል ልመልሰው ብሎ ረቂቅ አቅርቦ ነበር፤ የ2017 ምርጫ ሲጠራ ረቂቁ በዚያው ቀረ። ከእንግሊዞች የምወድላቸው ሌላ ነገር ነው፤ የሞተ አባቱን ወይም አያቱን ሜዳይ የሚያጠልቅ ሰው በቀኝ ደረቱ ያደርገዋል፤ የራሱ የሆነ ደግሞ በግራ። ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ ያውቃል። ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም አላስፈለገም።

የእኛ ሕግ ምን ይላል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአፍ ብቻ «ዘመትኩ» ማለትን ለይቶ አይቀጣም። አንቀጽ 692 ግን አለ፤ አታላይነት። የማይገባውን ብልጽግና ለማግኘት አስቦ በሐሰተኛ አነጋገር ወይም ማንነቱን በመሰወር ሌላውን አሳስቶ ጥቅሙን የሚጎዳ ድርጊት ያስፈጸመ ሰው በቀላል እስራት፣ ነገሩ ከከበደም እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በመቀጮ ይቀጣል። ሐሰተኛ የስንብት ደብዳቤ ወይም የጡረታ ማስረጃ የሠራም ሆነ አውቆ የተገለገለበት በሰነድ ማጭበርበር ይጠየቃል። የሠራዊቱን የደንብ ልብስ ያለ መብት መልበስም የተከለከለ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣውን የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185ን የሚጠቅሱልኝ ሰዎች አሉ። አይሠራም። አዋጁ የሚይዘው ሁከት፣ ግጭት ወይም ጥቃት የማስነሣት ዕድሉ ከፍ ያለ ሐሰተኛ ንግግርን ነው፤ የአንድ ሽማግሌ ጉራ ምንም ቢያበሳጭ እዚያ አይደርስም።

እንግዲህ የእርስዎ ሻምበል ጉዳይ የሚመዘነው በዚህ ነው። ጋቢውን እንተወው፤ ጋቢ የሸለመ ትምህርት ቤት ሳያጣራ የሸለመ ራሱን ይውቀስ። በሐሰት ዘማችነታቸው የቤት መሥሪያ ቦታ ወስደው፣ ጡረታ አስቆርጠው፣ ለሐውልት ማሠሪያ ብለው ከነጋዴው ገንዘብ ሰብስበው ከሆነ ግን ዐቃቤ ሕግ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም። ያለው ይበቃል።

አሁን «ለምን ውሸቱን ብቻ አንቀጣም?» ወደሚለው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ጎጃምን ለይቼ ያነሣሁት።

ዐቃቤ ሕግ አንድን ሰው ለማስቀጣት ያልዘመተ መሆኑን ማስረዳት አለበት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት ሰጥቶታል። ታዲያ አለመዝመት በምን ይረጋገጣል? በመዝገብ። የማን መዝገብ? በ1969 ከየገበሬ ማኅበሩ ተመልምለው ታጠቅ የገቡት ሚሊሺያዎች ብዛታቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው፤ ጥቂት ወር ሠልጥነው ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ሲላኩ የስማቸው አጻጻፍ ለማንም አላሳሰበም። የጎጃም ገበሬ የቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ በአያቱ የሚጠራበትም አገር አለ። ከዚያ 1983 መጣ። በዚያ ዓመት የካቲት ጎጃም በኢሕአዴግ እጅ ስትገባ፣ በግንቦት መላው ሠራዊት ሲበተን፣ ወታደሩ በእግሩ ወደ አገሩ ሲመለስ መጀመሪያ የጣለው መታወቂያውን ነው። ያስገድለኛል ብሎ ቀደደው፣ አቃጠለው፣ ከድንጋይ ሥር ቀበረው። ይህ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት ሆኖት «ኦጋዴን ነበርኩ» ቢል፣ አንድ ክፉ ጎረቤት ቢከሰው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ደብዳቤ «በዚህ ስም የተመዘገበ የለም» የሚል ይሆናል።

አንድ ደንበኛ ነበሩኝ፤ የመሬት ይዞታ ክርክር ላይ «መሬቱን ጥለህ ጠፋህ» ተብለው «አልጠፋሁም፣ ናቅፋ ግንባር ነበርኩ» ያሉ ሰው። ማስረጃ ብንጠይቅ ስማቸው አልተገኘም። ከሣር ቤቱ የቆየች አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ወደ እናታቸው የላኩት ደብዳቤ ባይወጣ ኖሮ ነገሩ ተበላሽቶ ነበር። ደብዳቤው ጫፍ ላይ የብርጌዱና የሻለቃው ቁጥር ነበረበት፤ ስማቸውም በቤት ስማቸው። በዚያ ቁጥርና በዚያ ስም ስንጠይቅ መልሱ ሌላ ሆነ። በፍትሐ ብሔር ክርክር ይህን ለመፈለግ ጊዜ ነበረን። በወንጀል ቢሆን ሰውየው ማረፊያ ቤት ሆነው ነበር ሣጥኑን የምናስፈልገው።

ሌላም አለ። በ1989 በአማራ ክልል፣ በተለይም በጎጃም፣ መሬት እንደ ገና ሲደለደል በደርግ ዘመን ሥልጣን ነበራችሁ የተባሉ ገበሬዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው መሬታቸው ተቀነሰ። በዚያን ሰሞን ያለፈ አገልግሎቱን የሚያወራ አልነበረም፤ የነበረው ሁሉ አልነበርኩም አለ። ያኔ የካደውን ዛሬ ቢያምን በየትኛው ቃሉ ልንቀጣው ነው? አሁንም ቢሆን በአካባቢያችን የትኛው ሠራዊት ውስጥ ነበርክ የሚለው ጥያቄ ለጨዋታ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም። ሰው ሕይወቱን ለማዳን የሚናገረውን ነገር በወንጀል መዝገብ ላይ ማስፈር አልወድም።

ወደ ኋላም ብንሄድ መዝገቡ አይታመንም። ከ1933 ነጻነት በኋላ ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለወታደሮች ከመንግሥት መሬት እየተቆረሰ ተሰጠ፤ አንድ ጋሻ ማለት 40 ሄክታር ገደማ ነው። አንድ ጋሻ ባለበት ደግሞ አርበኛ አይጠፋም! የአርበኝነት ሜዳዩ ላይ የሚታከለው ዘንባባ የዘመኑን ብዛት የሚያሳይ ነበር፤ ባለ አምስት ዘንባባ ማለት አምስቱንም ዓመት በዱር በገደል የቆየ። ይህ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ነገር ግን «የውስጥ አርበኛ ነበርኩ» የሚለውን ማን ይፈትሽ? ከጣሊያን ደመወዝ እየበላ ለበረኸኛው ጥይትና ወሬ ያቀበለ ጀግና በእርግጥ ነበረ፤ ሕይወቱንም የሰጠ አለ። ነገር ግን ሥራው ምስጢር ስለነበር ምስክሩም ጥቂት ነው፤ ደመወዙን ብቻ የበላውም በዚያው ስም ገባ። ባንዳው ዘንባባ አድርጎ፣ አርበኛው ባዶ ደረቱን የቆመበት ጊዜ እንደነበር የጎጃም ሽማግሌ ያወራል። አባ ኮስትርን ያስቡት። በላይ ዘለቀ አምስት ዓመት ተዋግቶ በደጃዝማችነት ማዕረግ ቢቸናን እንዲያስተዳድር ተሾመ፤ በጥር 1937 ደግሞ ማዕረጉን የሰጠው መንግሥት ራሱ አዲስ አበባ ላይ ሰቀለው። ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ጀግናው ማን እንደሆነ የመንግሥት መዝገብ በየዘመኑ የሚለዋወጥበት አገር ውስጥ፣ ከመዝገቡ ውጪ የተናገረውን ሁሉ ውሸታም ብሎ የሚያስር ሕግ ያስፈራኛል።

ፉከራውንም እንዳንረሳ። ጎጃም ውስጥ ሠርግ ላይ ዘራፍ ብሎ የሚነሣው ጎረምሳ ምሽግ አልሰበረም፤ ጠላት አልማረከም። በአያቱ ውሎ ይፎክራል፤ ጎፈር ደፍቶ፣ የአያቱን ሜዳይ አጥልቆ ሚያዝያ 27 አደባባይ ይወጣል። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሰሚው ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃልና። ድሮም ቢሆን ፎካሪ የሚፎክረው አብረውት የዋሉት ባሉበት ነበር፤ ያልዋለበትን ቢጨምር «የት አየንህ?» የሚለው ጓዱ እዚያው ተቀምጧል። የእርስዎ ሻምበል ችግር መፎከራቸው ሳይሆን አብሯቸው ሊውል የሚችል ሰው በሌለበት፣ ለልጆች ብቻ መፎከራቸው ነው። አባትዎ ቤት በመቅረታቸው ደግሞ መድረኩን ለቀውላቸዋል። ይህን የምለው ልወቅሳቸው አይደለም፤ የቀሩት ከቁጭት መሆኑ ይገባኛል።

ስለዚህ ምን ያድርጉ? በመጀመሪያ፣ ፎቷቸውን «ሐሰተኛ ዘማች» ብለው ፌስቡክ ላይ አይለጥፉ። ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ያስጠይቃል፤ ከሳሽ ነኝ ሲሉ ተከሳሽ ይሆናሉ፤ ያኔ የማስረዳቱ ጣጣ ወደ እርስዎ ይዞራል። እውነታውን ቢያውቁ እንኳ የያዙት የአባትዎን ቃል ብቻ ነው፤ አባትዎ ደግሞ በዚያን ጊዜ ኦጋዴን ከነበሩ እህል ነጋዴውን በዓይናቸው አላዩትም፤ ተመልሰው የሰሙት ነው። ይህን ማንኛውም ተከላካይ ጠበቃ በአንድ ጥያቄ ያፈርሰዋል።

ከዚያ ይልቅ ርእሰ መምህሩን ያነጋግሩ። የሚጋበዝ እንግዳ ሁሉ፣ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ሁሉም፣ አስቀድሞ ስለ አገልግሎቱ እንዲጠየቅ ያድርጉ። ጥያቄው የምርመራ መልክ አይኑረው፤ ለተማሪዎቹ የሚነበብ አጭር የሕይወት ታሪክ ልናዘጋጅልዎ ነው ማለት ይበቃል። የት ሠለጠኑ? ስንተኛ ዙር? ክፍለ ጦሩ፣ ብርጌዱ፣ ሻለቃው? የሻምበሉ አዛዥ ማን ይባል ነበር? ሻምበልነቱ የመጣው ከሐረር አካዳሚ ነው፣ ከሆለታ ነው፣ ወይስ ከበታች ሹምነት በማደግ? የአካዳሚ ምሩቅ ኮርሱን አይረሳም። በሙያዬ ብዙ የቀድሞ ወታደሮችን አነጋግሬያለሁ፤ እውነተኛው ስለ ጥይቱ ሳይሆን ስለ ኮቾሮው ድርቀት፣ ስለ ኮዳው ባዶነት፣ ጥርስ ታሞ ሐኪም ስለማጣቱ ነው የሚያወራው። ሐሰተኛው ሁልጊዜ ምሽግ ሰባሪ ነው፤ ስንቅ ያመላለሰ ወይም ምግብ ቤት የሠራ ሐሰተኛ እስካሁን አልገጠመኝም። ታሪክ ማወቅም ይረዳል። ኮሪያ ከዘመተው የቃኘው ጦር አንድም ኢትዮጵያዊ አልተማረከም፤ «ኮሪያ ተማርኬ ነበር» የሚል ሰው ቢመጣ ጨዋታው እዚያው አለቀ።

ሜዳዮቹን ደግሞ ጠጋ ብለው ይመልከቷቸው። አራት ብለዋል። ከመካከላቸው ያ ባለ ዘንባባው የአርበኝነት ሜዳይ ካለ የጣሊያን ዘመን ነው፤ በዕድሜያቸው የእሳቸው ሊሆን አይችልም። ግን ከመፍረድዎ በፊት አባታቸው ማን እንደነበሩ ይጠይቁ። ባል የሞተባት የአርበኛ ሚስት ሜዳዩን ለልጇ ታወርሳለች፤ ልጁም በበዓል ቀን ያደርገዋል፤ ሲጠየቅ «የአባቴ ነው» ካለ ነውር የለበትም። «የራሴ ነው» ካለ ያን ጊዜ በቅሎ አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለው ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ የጥንት ዕቃ መሸጫዎች ውስጥ የድሮ ሜዳይ በገንዘብ ይገኛል። ሕግ አውጪው አንድ ነገር ያድርግ ከተባልኩ እኔ የምጠይቀው ከወሬው ይልቅ ይህን ገበያ እንዲመለከት ነው። ሁለተኛው ጥያቄዬ የተሸላሚዎች ስም፣ ቢያንስ የከፍተኛ ሜዳዮቹ፣ ለሕዝብ ክፍት ይሁን የሚል ነው። የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ሜዳዮቹንና አሰጣጣቸውን ደንግጓል፤ ማን እንደተቀበላቸው በአንድ ቦታ ማንበብ ብንችል የብዙ ሐሰተኛ አፍ ያለ ዐቃቤ ሕግ ይዘጋ ነበር። ዝርዝሩ ላይ አለመገኘት ግን ያልዘመተ ለመሆኑ ማስረጃ እንዳይሆን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ የአብዛኛው ዘማች ዕጣ ሜዳይ ሳይሆን ቁስል ነውና።

ከዚህ ሁሉ ግን የምመክርዎ የአባትዎን ጉዳይ ነው። ስለ ሌላው ሰው ሐሰት እንዲህ ሲጨነቁ የአባትዎ እውነት በወረቀት ላይ ሰፍሯል? ፍንጣሪው በኤክስሬይ ታይቶ የሐኪም ማስረጃ ይያዝለት። ከታጠቅ አብረዋቸው የወጡ ሁለት ሦስት ጓዶች ካሉ፣ ሳይዘገይ፣ የየራሳቸውን ቃል በስማቸው አጻጻፍ ልዩነት ጭምር ይጻፉና ይፈርሙ፤ ሰነዶች አረጋጋጭ ዘንድ ቢቀርቡ ደግሞ የተሻለ ነው። የክፍሉን ቁጥር ካስታወሱ በቤት ስምም በክርስትና ስምም አድርገው ለመከላከያ ያመልክቱ። ለሚመጣው የካቲት 26 ርእሰ መምህሩን አባትዎንም እንዲጋብዟቸው ይጠይቁ፤ ከሻምበሉ ጎን፣ በአንድ መድረክ። አባትዎ እምቢ ካሉ ቃላቸውን በስልክዎ ይቅዱና ለተማሪዎቹ ያሰሙላቸው።